ካርቶኑን የሚዘጋው ሰው

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ብዙ ድርጅቶች ሰው ስለሚቀጥሩበት፣ ሲቀጥሩ ግን ብዙም ስለማያስቡበት አንድ የሥራ መደብ ነው፤ ዕቃ አሽጎ ስለሚልክ ሠራተኛ። በአራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችም ሆነ በጋዜጣ የሚወጡ የቅጥር ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሰው የዚህን መደብ አጻጻፍ በቃሉ ያውቀዋል። 10ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ታታሪና ታማኝ፣ ሙሉ ጤንነትና ጉልበት ያለው፣ በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት። ይህን ያወጣው ነጋዴ አይፈረድበትም። ገንዘቡን አውጥቶና ለፍቶ ያዘጋጀውን ዕቃ በሰው እጅ ሊያስቀምጥ ነውና ታማኝ ሰው መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያውን ደጋግማችሁ ብታነቡት ተቀጣሪው ምን እንደሚሠራ አይነግራችሁም። ይቆጥራል? ይመዝናል? ሰነድ ያነባል? ቅጽ ይሞላል? የትዕዛዝ ወረቀቱና ዕቃው አልገጥም ቢሉ ምን ያደርጋል? ከዚህ አንዱም አልተጻፈም። የተፈለገው ጉልበትና ዋስ ነው።

ዕቃ አሻጊ ማለት ከድርጅቱ የሚወጣውን ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ካርቶኑ አንዴ ተዘግቶ ፕላስተር ከተለጠፈበት በኋላ ሾፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የአየር መንገዱ ጫኝ፣ ሁሉም የሚያምኑት በካርቶኑና በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከሸክም ይልቅ ወደ ምስክርነት ይጠጋል። አሻጊው "በዚህ ካርቶን ውስጥ ይህ ዕቃ፣ በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ክብደት አለ" ብሎ በፊርማው ይመሰክራል። የሚመረጠውም ምስክር በሚመረጥበት ሚዛን መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምስክር ደግሞ ሐቀኝነት ብቻ አይበቃውም። ያየውን ከገመተው የሚለይ፣ ያላየውን አላየሁም ለማለት የሚደፍር መሆን አለበት። ግምቱን እንደ እውነት የሚጽፍ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከሌባ የማይተናነስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ይህን የሚያሳይ፣ ምርመራው በይፋ የወጣ አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1996 የቫሉጄት አየር መንገድ በረራ ቁጥር 592 ከማያሚ ተነሥቶ ወደ አትላንታ ሲያመራ፣ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ወደቀ። ተሳፍረው የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ እሳቱ የተነሣው ከጭነት ክፍሉ፣ በአምስት ካርቶን ታሽገው ከተጫኑ የኦክስጅን ማመንጫ ጣሳዎች እንደነበር ተደረሰበት። ጣሳዎቹ በአንድ የጥገና ድርጅት ከሌሎች አውሮፕላኖች የተፈቱ ናቸው። ጊዜያቸው ያለፈባቸው ቢሆንም በውስጣቸው ያለው ኬሚካል አልተሟጠጠም ነበር። ሲነሣሡ ኃይለኛ ሙቀት ያወጣሉ፤ በድንገት እንዳይነሣሡ የሚገጠምላቸው የመከላከያ ቆብም አልነበራቸውም። ካርቶኖቹ በጥገና ድርጅቱ የመላኪያ ክፍል ተቀምጠው ሳለ ደንበኛ ሊጎበኝ ስለሚመጣ ቦታው እንዲጸዳ ታዘዘ። አንድ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ጣሳዎቹን በየካርቶኑ አስተካክሎ ደረደራቸው፣ ከላይ ባለ አረፋ ላስቲክ አለበሳቸው፣ ዘጋቸው፣ የአውሮፕላን ዕቃ የሚል መለያም ለጠፈባቸው። በኋላም የመላኪያ ወረቀቱ ሲዘጋጅ "የኦክስጅን ጣሳዎች፣ ባዶ" ተብሎ ተጻፈ። ባዶ መሆናቸውን የፈተሸ ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ጣሳዎቹ ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ ወረቀት አይቶ ባዶ ናቸው ማለት ነው ብሎ ገመተ፤ የወረቀቱ ትርጉም ግን ያ አልነበረም። የአየር መንገዱ ሠራተኞችም "ባዶ" የሚለውን አንብበው ጫኑት።

ያን ሠራተኛ ብቻውን ወንጀለኛ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቦርዱም ጥፋቱን ያኖረው በጥገና ድርጅቱ፣ በአየር መንገዱና በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ላይ ነው። ሠራተኛውን ስለ አደገኛ ጭነት ያስተማረው አልነበረም፤ የታዘዘውም ቦታውን እንዲያጸዳ ነው እንጂ ጣሳዎቹን እንዲመረምር አይደለም። ሰነፍም አልነበረም፤ ካርቶኖቹን በንጽሕና አሽጓቸዋል። እኔም ከዚህ ታሪክ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምይዘው ይህንኑ ነው። በማስታወቂያችን ላይ የምንጽፋቸውን ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጉልበት ያለው የሚሉትን ቃላት ያ ሠራተኛ ሁሉንም ያሟላ ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ይህ ወረቀት ምን ማለት ነው?" የሚል።

እኛ ነጠላና በርበሬ እንጂ ኦክስጅን አንልክም የሚል አድማጭ ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን ደንበኛ "ይህችንም ከልብሱ ጋር ጨምሩልኝ" ብሎ የሚያመጣት ፓወር ባንክ በየመላኪያው ጠረጴዛ ላይ የምትታይ ዕቃ ናት። እንደ እርሷ ያሉ፣ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት እንዳይላኩ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታግዷል። ያችን ፓወር ባንክ በልብስ መሐል አስገብቶ "የባህል ልብስ" ብሎ የሚጽፈው ሰውና በማያሚ "ባዶ" ብሎ የገመተው ሠራተኛ የሚለያዩት በዕድል ብቻ ነው። ባሕር ላይም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ በእንግሊዝ ቻነል ማዕበል ላይ ጎኗ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ከላይኛው ወለሏ ላይ ደርቀው የተገኙ 660 ገደማ ኮንቴይነሮች ሲመዘኑ 137ቱ፣ ማለትም ከአምስት አንዱ፣ በሰነድ ከተጻፈው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ልዩነት አሳዩ። መርከቧን የሰነጠቀው ይህ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ። ቢሆንም እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙዎችን አስደንግጦ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ክብደቱ በትክክል ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር መርከብ ላይ እንዳይወጣ የሚያዝ ዓለም አቀፍ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ በጂቡቲ በኩል ለሚወጣው ቡናችንና ሰሊጣችንም ደንቡ ያው ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና 320 ያህል ይይዛል፤ 19.2 ቶን መሆኑ ነው። 320 ጆንያ ሲያልፍ ቆሞ ሳይዘናጋ መቁጠር፣ አምስት አምስት እያደረጉ መስመር መጣል፣ ስልክ ሲጮህ አለማንሣት፣ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ወደ ትንሹ ካርቶን እንመለስ፤ ኪሳራው በየቀኑ የሚንጠባጠበው ከእርሱ ነውና። በአየር ጭነት የሚከፈለው በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም። ካርቶኑ የሚይዘውም ቦታ ይሰላል፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ በ6000 ይካፈላል፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈላል። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ድርጅቶች ደግሞ በብዛት የሚያካፍሉት በ5000 ነው። እንግዲህ 8 ኪሎ የሚመዝን ሸማ አለ እንበል። አሻጊው እጁ ላይ የገባለትን 60 በ40 በ40 ካርቶን አነሣ። ብዜቱ 96,000 ነው፤ በ6000 ሲካፈል 16 ኪሎ ይወጣል። 8 ኪሎ ዕቃ የ16 ኪሎ ተከፈለበት። ያንኑ ሸማ በደንብ አጣጥፎ በ40 በ40 በ30 ካርቶን ቢያስገባው ብዜቱ 48,000፣ ሲካፈል ልክ 8 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 8 ኪሎ ነፋስ ነው። በሳምንት አምስት እንዲህ ያለ ካርቶን የሚልክ ድርጅት በሳምንት የ40 ኪሎ ነፋስ ማጓጓዣ ይከፍላል። ይህን የሚያድነው ጉልበት አይደለም፤ ሜትር ይዞ የመለካት ልማድና ሦስት ቁጥር አባዝቶ የማካፈል ችሎታ ነው። ዕቃው በፓሌት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዓይን ይፈለጋል። ብዙ አገሮች በእንጨት ማሸጊያ ላይ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበትን ማኅተም ይጠይቃሉ፤ የእንጨቱ እምብርት ሳይቀር በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ መታከሙን ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ ከተባይ መጽዳቱን የሚያሳይ ነው። ማኅተሙ የሌለበት ፓሌት ላይ የተደረደረ ጭነት ወደቡ ላይ ሊታገድ ወይም ሊመለስ ይችላል። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ያንን ማኅተም የሚፈልገው ማነው? አሻጊው ነው።

በሰነዱ ላይ የሚጻፈው ነገርም ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል። ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገቡበት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ቆሟል። ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ ወገኖቻችን ሸማና ቅመም የሚልኩ አነስተኛ ድርጅቶችን ይህ በቀጥታ ይነካቸዋል። "ስጦታ" ወይም "የባህል ዕቃ" ብሎ በደፈናው መጻፍ ዕቃውን ያስይዛል። መጻፍ ያለበት ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ ዋጋውና የታሪፍ ቁጥሩ ነው። የታሪፍ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በአብዛኛው ዓለም አንድ ናቸው፤ አንድ አሻጊ ድርጅቱ የሚልካቸውን ሃያ ወይም ሠላሳ ዓይነት ዕቃዎች ቁጥር ከትራንዚተሩ ጠይቆ በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ የብዙ ቀን ድካም ያቃልላል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው በምን እናውቀዋለን? የተለመደው መንገድ የሥራ ልምድ ወረቀት ማየት፣ ቁጭ አድርጎ ጥቂት ማውራትና ተያዥ መቀበል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው ለመምረጥ የምንጠቀምባቸው መንገዶች የወደፊቱን የሥራ ውጤት ምን ያህል እንደሚተነብዩ ለብዙ አሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው ሲያወጡ ከፊተኞቹ ተርታ የተገኘው አመልካቹን ራሱን ሥራውን አሠርቶ ማየት ነበር፤ የሥራ ዓመት ብዛት ግን ወደ ታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና መርምረው ቀደም ሲል የተሰጡት ቁጥሮች የተጋነኑ እንደነበሩ አሳይተዋል። በእነርሱ ስሌት ቀዳሚ የሆነው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየቀረበ ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ነው። አሠርቶ ማየትም ዋጋው ቀነሰ፤ ሆኖም ከሥራ ዓመት ብዛት ብዙ ርቆ ይበልጣል፤ የዓመት ብዛት ጭራሽ ከምንም የሚቆጠር ሆኖ አልተገኘም። በቅጥር ማስታወቂያ ላይ "ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ" እያልን የምናጠብቀው መስፈርት ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ፈተና ማዘጋጀት ከሌላው ሥራ ይቀላል። ሸማ፣ ቅመምና የሸክላ ዕቃ የሚልክ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ጀበና፣ ስድስት ስኒ፣ አንድ ነጠላና በላስቲክ የታሸገ በርበሬ ይቀመጣል። አጠገቡ መጠናቸው የሚለያይ ሦስት ካርቶኖች፣ ሚዛን፣ ሜትር፣ ፕላስተር፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ማርከርና የትዕዛዝ ወረቀት ይደረጋል። ወረቀቱ ላይ ሆን ተብሎ ሦስት ስሕተት ይገባል። ነጠላው ሁለት ተብሎ ይጻፋል። በርበሬው 2 ኪሎ ይባላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 1 ኪሎ ተኩል ነው። የተቀባዩ ስልክ ቁጥር አንድ አኃዝ ይጎድለዋል። አመልካቹ "ይህን ትዕዛዝ ለመላክ ያዘጋጁልኝ፤ ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ" ይባልና 45 ደቂቃ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀጣሪው ዝም ብሎ እጁን ይመለከታል። ጀበና የሚሰበረው ከአንገቱና ከእጀታው ነው፤ አንገቱን ለብቻ ጠምጥሞ በእጀታው ክፍተት ጋዜጣ የሚጠቀጥቅ ሰው ስለ ዕቃው አስቧል። በርበሬውን በሁለተኛ ላስቲክ ደርቦ ከነጩ ነጠላ የሚያርቅም እንዲሁ። ካርቶኑን ከዘጋ በኋላ ከፍ አድርጎ ነቅነቅ ቢያደርገውና ድምፅ ሰምቶ እንደገና ቢከፍተው ደስ ሊለን ይገባል። ሆኖም ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው በአንድ ሳምንት ሊማረው ይችላል። በአንድ ሳምንት የማይማረው ከሦስቱ ስሕተቶች ፊት ያለውን ጠባይ ነው። አንዱ አመልካች ነጠላው አንድ መሆኑን አይቶ ይጠይቃል። ሌላው ያያል፣ ወረቀቱን በራሱ እጅ ሰርዞ አንድ ብሎ ይጽፋል፣ አይናገርም፤ ይህኛው ዓይን አለው፣ መናገርን ግን ሊለምድ ይገባል። ሦስተኛው አንድ ነጠላ አስገብቶ በዝርዝሩ ላይ "2 ነጠላ" ብሎ ይጽፋል፤ ትዕዛዙ እንዲያ ይላልና። አስተሻሸጉ እንደ ሠርግ ስጦታ ቢያምርም ሦስተኛውን አመስግኖ መሸኘት ነው።

ፈተናው በነጻ ማሠሪያ መሆን የለበትም። ለእውነተኛ ደንበኛ የሚላክ ዕቃ ማሳሸግ አይገባም፤ የመጓጓዣ ወጪውንም መሸፈን ደግ ነው። ከፈተናው በኋላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል፤ ለምሳሌ "መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ሾፌሩ ዘገየሁ እያለ፣ ሥራ አስኪያጁም ስልክ ሳያነሣ ቁጥሩ ባይገጥም ምን ያደርጋሉ?" የሚል። መልሱ እዚያው ይጻፋል፣ እዚያው ነጥብ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው አመራረጥ ልምድ የሌለውን ወጣት ይጎዳል የሚል ሥጋት ሰምቻለሁ፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ወረቀት የሌለው፣ የሚያውቀው ሰው የሌለው ወጣት እጁን የሚያሳይበት በር የሚከፈትለት በፈተና ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የታማኝነት ነው። "ጎበዝ ቀጥሬ ከሚሰርቀኝ ዘመዴን ቀጥሬ ቢሳሳት ይሻለኛል" የሚሉ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተያዥ ምን ያደርጋል? ጉዳት ከደረሰ በኋላ፣ ያውም ስንት ተመላልሶ፣ ይክሳል። ዕቃ አይቆጥርም። ስርቆትና ስሕተት ደግሞ መዝገብ ላይ ሲታዩ አንድ መልክ አላቸው፤ ሁለቱም ጉድለት ናቸው። ቆጠራ በሌለበት ቤት ሌባው ከተሳሳተው አይለይም፤ ስለዚህ ሌባው ይሰወራል፣ ንጹሑ ይጠረጠራል። መድኃኒቱ ሥራን መለየት ነው። ዕቃ ከመጋዘን የሚያወጣው ሰው አስፈርሞ ያስረክብ፣ አሻጊው ቆጥሮ ፈርሞ ይረከብ፣ የሁለቱን ወረቀት የሚያስታርቀው ሦስተኛ ሰው ይሁን። ሦስተኛ ሰው የሌለው ድርጅት ባለቤቱ ራሱ በሳምንት አንድ ቀን ያስታርቀው። ዘመድ መቅጠርም በራሱ ነውር አይደለም፤ ግን የአጎትን ልጅ "እስቲ እንደገና ቁጠር" ማለት ስንቱ ይሆንለታል? ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባላል። የጎደለውን ከደመወዙ እቆርጣለሁ ብሎ የሚያስብም ሕጉን ይመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። በተፈቀደበትም ጊዜ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ አይበልጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። በቀን ሁለት ካርቶን የሚልክ ሱቅ ለዚህ ብቻ ሰው ይቅጠር ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ያም ሆኖ "እጁ ባዶ የሆነ ይዝጋው" የሚለው አሠራር መቅረት አለበት። አንድ የታወቀ ሰው፣ አንድ የታወቀ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሚዛን ይመደብለት። የተላከውም በዚያው ሰው እጅ ይመዝገብ። ቁጥሩ ሲበዛ፣ በተለይ ዕቃው ወደ ውጭ ሲሄድ፣ ራሱን የቻለ ሰው መቅጠር ወጪ ሳይሆን ከላይ ያየነውን የ40 ኪሎ ነፋስ ማስቀረት ይሆናል። ስለ ጉልበት ደግሞ አጭር ነገር ልበል። የአሜሪካ የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ተቋም፣ ሁኔታው ሁሉ ምቹ በሆነበት ጊዜ እንኳ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያነሣ የሚመክረው ከ23 ኪሎ የማይበልጥ ሸክም ነው። 60 ኪሎ ጆንያ የጫኝና አውራጆች ሥራ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን አንድ የእጅ ጋሪ ይጨርሰዋል። "ጉልበት ያለው" የሚለው መስፈርት በተግባር ሴቶችን ያስቀራል። በጾታ ምክንያት አድልዎ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ ቆጥረውና መዝነው በትክክል ሊጽፉ የሚችሉትን ግማሽ ሰዎች ሳናያቸው መመለስ ለራስ ጉዳት ነው።

ሰውን ከመረጥን በኋላ ያለው የቀጣሪው ድርሻ ነው፤ የማያሚው ታሪክም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በቀድሞው ሕግ 45 ቀን ነበር። የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የተባለ ሙከራ አይጸናም። እነዚያ 60 ቀናት ዝም ብሎ መጠበቂያ አይሁኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ አንድ የታሸገ ካርቶን፣ ሠራተኛው ባለበት፣ ተከፍቶ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። ድርጅቱ ምን ምን እንደማይልክ፣ ባትሪ፣ ሽቶ፣ ጋዝ ያለበት ነገር፣ በጽሑፍ ይሰጠው። ከሁሉም በላይ የማስቆም ሥልጣን ይሰጠው። ቁጥር አልገጠመም ብሎ መኪና ያቆመ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን "ስንት ሰዓት አባከንክብን" ተብሎ ከተቆጣ ሁለተኛ አያቆምም፤ ከዚያ ወዲያ ያሸግኩት ትክክል ነው ብሎ ይጽፋል። እውነተኛ ምስክር ቀጥሮ አፉን መዝጋት ከመጀመሪያው አለመቅጠር ነው። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ የጡረታ መዋጮውም፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈል። ነገ ያለ መብት እንደሚባረር የሚያስብ ሰው ዛሬ ለሌላው ሰው ዕቃ አይጨነቅም።

በዚህ ሳምንት ማስታወቂያ ልታወጡ የተዘጋጃችሁ አድማጮች ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። "ጉልበት ያለው" የምትለውን ሰርዙና "የሚቆጥር፣ የሚመዝን፣ ያየውን ብቻ የሚጽፍ፣ ያልገባውን የሚጠይቅ" ብላችሁ ተኩባት። "ደመወዝ በስምምነት" በሚለውም ቦታ ቁጥሩን ጻፉ፤ ሰውየውን በቁጥር እንደምትፈትኑት እርሱም በቁጥር ይወቃችሁ። ፈተናውንም ጠረጴዛ ላይ አዘጋጁ፤ አንድ ጀበና፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ሚዛንና ስሕተት ያለበት አንድ ወረቀት ይበቃችኋል።